ማንም የማያየው ጽሑፍ

(ደብረ ታቦር። በአንድ መሥሪያ ቤት ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል። በሩ ላይ «ዲጂታል ቡድን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቡድኑ ሁለት ሰው ነው፤ መሪው ፈንታሁንና የሚመራው ይሻው። አንድ የሚሽከረከር ወንበር ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ።)

ፈንታሁን፦ እኔ ዛሬ የሚመጡትን እንግዳ በቅጡ አላውቃቸውም አልኩህ እኮ! አንድ ቀን ለቅሶ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ያወራነውም ስለ ዝናቡ ነው።

ይሻው፦ ታዲያ የሚሽከረከር ወንበር እንደሚወዱ በምን አወቅህ?

ፈንታሁን፦ የማይወድ ማን አለ? የክብር ወንበር ነው።

ይሻው፦ ዓይናቸው አያይም እኮ። ተቀምጠው ከዞሩ በኋላ በሩ በየት በኩል እንደነበረ በምን ያውቃሉ?

ፈንታሁን፦ እኔ እነግራቸዋለኋ! ባለሙያ የተቀመጠው ለምን ሆነና?

ይሻው፦ የእንጨቱ ይሻላል። የእንጨቱ ወዴትም አይሄድም።

ፈንታሁን፦ የእንጨቱ ላይ አንተ ትቀመጣለህ። መሪጌታ ዘውዱ እኮ ዝም ብለው እንግዳ አይደሉም። ኃላፊው ያሉትን ረሳኸው?

ይሻው፦ እንዴት እረሳለሁ? እህል እንዳይወርድልኝ ያደረገኝ እሱ አይደል?

ፈንታሁን፦ እስቲ ድገመው።

ይሻው፦ መሪጌታ መጥተው ድረ ገጻችንን ይፈትሻሉ። ደህና ነው ካሉ ቡድኑ ይቀጥላል። ከተከፉ ቡድኑ ይፈርስና አንተ መዝገብ ቤት፣ እኔ ወደ እብናት ወረዳ።

ፈንታሁን፦ እኔማ መዝገብ ቤት አልገባም። አቧራ አይስማማኝም።

ይሻው፦ እኔ ግን እብናት እወርዳለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ አራስ ናት። ልጂቱ ገና ክርስትና እንኳን አልተነሳችም። ለማን ጥያቸው ልሂድ?

ፈንታሁን፦ የትም አትሄድም አልኩህ! ገጻችን ለሁሉም ክፍት ነው። መመሪያውን ተከትለን ነው የሠራነው።

ይሻው፦ የትኛውን መመሪያ?

ፈንታሁን፦ (ወንበሩን ለቀቀው፤ ይሻው ወንበሩን እንደያዘ ወደ ኋላ ተንደረደረ) የትኛውን? የተደራሽነት መመሪያውን ነዋ! ማየት ለማይችል፣ መስማት ለማይችል፣ እጁ ለማይታዘዝለት ሰው ድረ ገጽ እንዴት እንደሚመቻች የሚያስተምረውን!

ይሻው፦ እሱንማ ስፈልገው ከረምኩ። የት ነው ያለው?

ፈንታሁን፦ ካቢኔው ውስጥ። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ተጠርዞ፣ ማኅተም ተመትቶበት።

ይሻው፦ ካቢኔው ተቆልፏል።

ፈንታሁን፦ መመሪያ ነዋ! ሜዳ ላይ ይጣል እንዴ?

ይሻው፦ መክፈቻው ማን ጋ ነው?

ፈንታሁን፦ ጌጤ ጋ። የንብረት ክፍሏ።

ይሻው፦ ጌጤ ለተዝካር ወደ ገሳይ ሄዳለች።

ፈንታሁን፦ ድረ ገጻችን ላይም አለ። «ስለ እኛ» የሚለውን ንካ። ከዚያ «ሌሎች»። ከዚያ «ልዩ ልዩ»። ከዚያ ወደ ታች ትወርዳለህ፣ ትወርዳለህ፣ «የቆዩ ሰነዶች» ይልሃል።

ይሻው፦ መመሪያው አዲስ አይደለም እንዴ?

ፈንታሁን፦ አዲስ ነው። «አዲስ ሰነዶች» የሚለው በኃላፊው ንግግሮች ስለሞላ ነው።

ይሻው፦ እሺ፣ እዚያ ደረስኩ እንበል። ፋይሉ ማን ይባላል?

ፈንታሁን፦ «ስካን የመጨረሻ»።

ይሻው፦ ሁሉም እኮ «ስካን የመጨረሻ» ነው የሚለው።

ፈንታሁን፦ ፈልገህ አግኘው! ሁሉን ነገር አጉርሰኝ ትላለህ እንዴ?

ይሻው፦ አንተ ግን አንብበኸዋል?

ፈንታሁን፦ (ደረቱን ነፍቶ) እኔ? በቃሌ ነው የማውቀው። ከዳር እስከ ዳር!

ይሻው፦ እስቲ ትንሽ በልልኝ። ምናልባት የኔታ ቢጠይቁኝ።

ፈንታሁን፦ (ጉሮሮውን ጠራረገ) ተደራሽነት... እጅግ በጣም... ወሳኝ ነው።

ይሻው፦ ከዚያስ?

ፈንታሁን፦ ከዚያማ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ላንተ ይከብድሃል።

ይሻው፦ ይከብደኛል። (ጥቂት አሰበ) ለፎቶዎቹ መግለጫ ጻፍ ያልከኝን ግን ጨርሻለሁ።

ፈንታሁን፦ አየህ? እሱ ራሱ ከመመሪያው ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ኋላ ጽሑፍ ይገባል። ፎቶው ምን እንደሆነ ለማያየው ሰው ስልኩ ያነብለታል። ምን ብለህ ጻፍከው?

ይሻው፦ ያየሁትን።

ፈንታሁን፦ ይበቃል።

ይሻው፦ ልታየው አትፈልግም?

ፈንታሁን፦ ምኑን አየዋለሁ? ገጹ ላይ አይወጣ! ማንም አያየውም ብዬህ አልነበር?

ይሻው፦ ብለኸኛል። ማንም አያየውም ስላልከኝ ነው ልቤን ገልጬ የጻፍኩት። ያንተ ፎቶ ብቻ አስቸግሮኝ ነበር። ከሁሉም እሱ ረዘመብኝ።

ፈንታሁን፦ (ደስ ብሎት ኮሌታውን እያስተካከለ) ይረዝማላ። ብዙ የሚባልለት ነገር አለዋ።

(በሩ በከዘራ ይንኳኳል። መሪጌታ ዘውዱ ይገባሉ። የዜማ መምህር ናቸው። ጋቢ ለብሰዋል፤ ስልካቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።)

መሪጌታ፦ ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?

ፈንታሁን፦ (እየጮኸ) እንደምን ዋሉ የኔታ! ይግቡ! በዚህ! በዚህ በኩል!

መሪጌታ፦ ጆሮዬ ደህና ነው ልጄ። ከደረጃው ሥር ሳለሁ ነው ስለ ወንበር ስትጣሉ የሰማኋችሁ።

(ይሻው ቀስ ብሎ የእንጨቱን ወንበር ያቀርባል። ፈንታሁን በእግሩ ይገፋውና የሚሽከረከረውን ያቀርባል። መሪጌታ በእጃቸው ዳብሰው ይቀመጣሉ።)

መሪጌታ፦ ይሄ ይዞራል መሰል። (አንዴ ዞረው መጡ) ደግ ነው። (ሌላ አንዴ) በጣም ደግ ነው። እንደ ባጃጅ።

ፈንታሁን፦ (ወደ ይሻው) አላልኩህም?

ይሻው፦ በሩ በዚህ በኩል ነው የኔታ።

መሪጌታ፦ ነፋሱ ነግሮኛል፤ ግድ የለም። በሉ ገጻችሁን አሳዩኝ።

ፈንታሁን፦ ስክሪኑን ወደ እርስዎ አዙሬልዎታለሁ።

መሪጌታ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ መስኮቱ ብታዞረውም አልቀየምህም ነበር።

ፈንታሁን፦ (ደንግጦ) አይ... ማለቴ... ምንም አያስቡ፣ እኔ አነብልዎታለሁ። ከላይ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ አለ። ከሥሩ ደማቅ አረንጓዴ...

መሪጌታ፦ ቆይ ልጄ። ዛሬ ታነብልኛለህ። ነገ እቤቴ ሆኜ ስከፍተውስ?

ፈንታሁን፦ ይደውሉልኝ።

መሪጌታ፦ በዚህ አገር ዓይኑ የማያይ ሰው ሁሉ ላንተ ይደውላል?

ፈንታሁን፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ ካልሆነ።

መሪጌታ፦ (ስልካቸውን አንስተው በጣታቸው ይነካካሉ) እኔ ይኼ አለልኝ። ጣቴን ያሳረፍኩበትን እሱ ያነብልኛል። እስቲ እንስማው።

ስልኩ፦ ስም የሌለው አዝራር።

መሪጌታ፦ ይሄ ምንድን ነው?

ፈንታሁን፦ እሱ «አገልግሎት መጠየቂያ» ነው። ሥዕሉ ላይ እጅ አለ፤ ሲያዩት ወዲያው ይገባዎታል።

መሪጌታ፦ ሳየው።

ስልኩ፦ ስም የሌለው አዝራር። ስም የሌለው አዝራር። ስም የሌለው አዝራር።

መሪጌታ፦ እነዚህስ? ወንድማማቾች ናቸው?

ይሻው፦ (በጭንቀት) አንዱ «ቅሬታ» ነው የኔታ። አንዱ «ቀጠሮ»። ሦስተኛው... ሦስተኛው ምን ነበር አለቃ?

ፈንታሁን፦ ለውበት ነው።

መሪጌታ፦ እኔ ዘንድ ያሉት ተማሪዎች ሁሉ ስም አላቸው። አንዱን ስጠራው «አቤት የኔታ» ይላል። እዚህ ብጠራቸው ሁሉም አንድ ነው የሚሉኝ። ቅሬታ ላቀርብ ብዬ ቀጠሮ ብይዝ ምን ይውጠኛል?

ይሻው፦ (ወደ ፈንታሁን፣ በሹክሹክታ) እብናት ገባሁ።

ፈንታሁን፦ (በሹክሹክታ) ዝም በል። ወደ ፎቶዎቹ እንውሰዳቸው። (ጮክ ብሎ) የኔታ፣ አዝራሩን ይተውት። ትንሽ ወደ ታች ይውረዱ። የሥራችን ፍሬ እዚያ ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶ መግለጫ አዘጋጅተናል። በመመሪያው መሠረት! በእኔ የቅርብ ክትትል!

መሪጌታ፦ እሱ ጥሩ። (ጣታቸውን ያንሸራትታሉ)

ስልኩ፦ ምስል። ኃላፊው አዲሱን የአገልግሎት መስኮት ሪባን ቆርጠው ሲመርቁ። መስኮቱ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተከፈተም።

(ፈንታሁን ወደ ይሻው ዞረ።)

መሪጌታ፦ ምን አለ?

ፈንታሁን፦ ስልክዎ... ስልክዎ ኔትወርክ ተቋርጦበት ይሆናል።

መሪጌታ፦ ይደገም። (ይነኩታል)

ስልኩ፦ መስኮቱ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተከፈተም። ምስል። ኃላፊው ችግኝ ሲተክሉ። ጉድጓዱ የዓምናው ነው። የካቻምናውም ነው።

(መሪጌታ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ።)

ፈንታሁን፦ (ይሻውን ክንዱን ይዞ) ምንድን ነው የሠራኸኝ?!

ይሻው፦ ምን ሠራሁህ? ፎቶው ምን እንደሆነ ጻፍ አልከኝ፤ ጻፍኩ!

ፈንታሁን፦ «ኃላፊው ችግኝ ሲተክሉ» ብለህ አታቆምም?

ይሻው፦ የማያዩ ሰው ናቸው እኮ! ጉድጓዱን እኔ ካልነገርኳቸው ማን ይነግራቸዋል?

ስልኩ፦ ምስል። የሠራተኞች ሥልጠና። ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ ተኝተዋል። አንደኛው እኔ ነኝ።

መሪጌታ፦ (እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ) ሁለተኛው ማነው?

ይሻው፦ እሱን አልጻፍኩም የኔታ። ትዳር ያለው ሰው ነው።

ፈንታሁን፦ የኔታ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ የግለሰብ ስሕተት ነው። ቡድኑን አይወክልም።

መሪጌታ፦ ቡድኑ ሁለት ሰው አይደለም እንዴ?

ፈንታሁን፦ ነው፤ ግማሹን አይወክልም ማለቴ ነው። መመሪያው እንዲህ አይልም። እኔ በቃሌ ነው የማውቀው።

መሪጌታ፦ በቃልህ? ጎበዝ። እኔም የምኖረው በቃል ነው። ይኸ መመሪያ እዚህ ገጽ ላይ አለ?

ፈንታሁን፦ እንዴታ! «ስለ እኛ»፣ ከዚያ «ሌሎች»፣ ከዚያ «ልዩ ልዩ»፣ ከዚያ ወደ ታች...

መሪጌታ፦ (እየነካኩ) «ስለ እኛ»... «ሌሎች»... እንዲህ ያለ ጥግ እኔ ቤት ያለው ድመቷ የወለደችበት ብቻ ነው። «ልዩ ልዩ»... «የቆዩ ሰነዶች»... «ስካን የመጨረሻ»። ይሄ ነው?

ፈንታሁን፦ እሱ ነው።

ይሻው፦ (በድንጋጤ) የኔታ፣ እሱን አይክፈቱት።

መሪጌታ፦ ለምን?

ይሻው፦ እሱም ፎቶ ነው። አለቃ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ነው የጫነው። ለፎቶ ሁሉ መግለጫ ጻፍ ስላለኝ... መመሪያው መሆኑን መች አወቅሁት?

(መሪጌታ ነክተውታል።)

ስልኩ፦ ምስል። ጽሑፍ የሞላበት ወረቀት። በጣም ረጅም ነው። አላነበብኩትም።

ፈንታሁን፦ የእግዚአብሔር ያለህ!

ስልኩ፦ ምስል። ይኸኛውም እንደዚያው። ምስል። ይኸኛው ላይ የፈንታሁን የሻይ ብርጭቆ የተቀመጠበት ክብ ምልክት አለ። ሻዩ ወተት ያለበት ነው። ምስል። ይኸኛው ላይም አለ።

መሪጌታ፦ (ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ሲበቃቸው ወንበሩን ወደ ፈንታሁን አዞሩ) ስለዚህ ለማያይ ሰው ገጽ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምረውን መመሪያ፣ የማያይ ሰው ሊያነበው አይችልም።

ፈንታሁን፦ የታተመም አለ የኔታ። ካቢኔ ውስጥ።

መሪጌታ፦ ያንንስ የሚያይ ሰው ያነበዋል?

ይሻው፦ ጌጤ ከተዝካር ከተመለሰች።

(መሪጌታ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ይሻው ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል።)

መሪጌታ፦ ገጻችሁ አላለፈም።

ይሻው፦ (በቀሰስተኛ ድምፅ) እሺ የኔታ። ለትርንጎ ምን እንደምላት ነው እንጂ... ልጂቱን ክርስትና ሳላስነሳ...

መሪጌታ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። መግለጫዎቹን የጻፍከው አንተ ነህ?

ይሻው፦ እኔ ነኝ። አጠፋቸዋለሁ። አሁኑኑ አጠፋቸዋለሁ።

መሪጌታ፦ ንክች እንዳታደርጋቸው! ይኸ ስልክ ከተገዛልኝ ወዲህ ስንት ገጽ ከፍቻለሁ። አንዱ «ምስል» ብሎ ዝም ይለኛል። ሌላው «ከፍተኛ አመራሮች በደማቅ ሥነ ሥርዓት» ይለኛል። ደማቁ ምን እንደሆነ እኔ በምን ልወቅ? ዛሬ ግን እንደ ሰው ተቀምጬ ፎቶ አየሁ። ጉድጓዱን ሳይቀር አየሁ። አንተ ትቆያለህ፤ ለኃላፊው እኔ እነግራቸዋለሁ።

ይሻው፦ ደብረ ታቦር?

መሪጌታ፦ ሌላ የት? ግን ለአዝራሮቹ ስም ታወጣላቸዋለህ።

ይሻው፦ አወጣለሁ! ዛሬውኑ! ግን የኔታ፣ የቀረውን ከየት አውቀዋለሁ? መመሪያው ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ ቶሎ አይገባኝም።

መሪጌታ፦ እኔ ዘንድ የሚመጣን ተማሪ የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓውን ሙሉ አሸክሜ «ሂድ ፈልገህ አግኝ» አልለውም። የዛሬዋን ቀለም እነግረዋለሁ። እሷን ይይዛል። ነገ መጥቶ ያሰማኛል። ሲሳሳት አቆመዋለሁ፣ ሲይዝ ሌላ እነግረዋለሁ። መመሪያችሁንም እንዲሁ አድርጉት። አዝራር የምትሠራ ቀን የአዝራሩን መስመር አውጥተህ እዚያው ሥራህ አጠገብ ለጥፈው። ፎቶ የምትጭን ቀን የፎቶውን። ስትጨርስ እኔ ዘንድ መጥተህ ገጽህን ታሰማኛለህ። ስልኬ ያሰማልሃል።

ይሻው፦ ይሄማ ገባኝ! አለቃ፣ ይሄ ገባኝ እኮ!

ፈንታሁን፦ (ፈገግ ለማለት እየሞከረ) መመሪያው ላይም በግምት እንደዚሁ ነው የሚለው።

መሪጌታ፦ በቃልህ የምታውቀው ነዋ። አንተ ያልከኝን መቼም አልረሳውም። ኃላፊው ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? የእብናቱ ቢሮ «መመሪያውን ፈልገን አጣነው፣ አንብበንም አልገባን፣ የሚያውቅ ሰው ላኩልን» እያለ ሲያስጨንቃቸው ከርሟል። «ሰው ይጠቁሙኝ» ቢሉኝ፣ እኔ የት አገኛለሁ ብዬ ነበር። ለካ እዚሁ አለ፣ ከዳር እስከ ዳር!

ፈንታሁን፦ (ተነሣ፤ ተቀመጠ) የኔታ... በቃሌ ስል... በጥቅሉ ማለቴ ነው።

መሪጌታ፦ እስቲ የመጀመሪያውን መስመር በልልኝ።

ፈንታሁን፦ ተደራሽነት... እጅግ በጣም...

ይሻው፦ (እንዲረዳው ብሎ) ወሳኝ ነው!

መሪጌታ፦ ከዚያስ?

(ፈንታሁን ጣሪያውን ያያል።)

መሪጌታ፦ ግድ የለም። እብናት እስክትደርስ መኪና ላይ ታነበዋለህ። ሻይ ብቻ አታስቀምጥበት።

ይሻው፦ የኔታ፣ ለትርንጎ ልነግራት ልሂድ? ባጃጅ ይዤ አሁን እመለሳለሁ።

መሪጌታ፦ ሂድ። ለክርስትናውም እንዳትረሳኝ።

(ይሻው የእንጨቱን ወንበር አደናቅፎት እየሮጠ ይወጣል። የራሱን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ረስቶታል። ፈንታሁንና መሪጌታ ብቻቸውን ቀሩ። መሪጌታ የስልካቸውን ማዳመጫ ጆሯቸው ውስጥ ከትተው ጣታቸውን ያንሸራትታሉ። በድንገት ቆም አሉ። አዳመጡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንበሩም አብሯቸው ተንቀጠቀጠ።)

ፈንታሁን፦ ምንድን ነው የኔታ?

(መሪጌታ በእጃቸው «ቆይ» ይሉታል። አሁንም ያዳምጣሉ። ረጅም ነው።)

ፈንታሁን፦ የእኔ ፎቶ ነው አይደል? ክራባት ያደረግሁበት?

መሪጌታ፦ (ማዳመጫውን አውጥተው) ክራባቱን ገዝተህ ነው ያደረግኸው፣ ወይስ ተውሰህ?

ፈንታሁን፦ እሱንም ጽፎታል?! (ወደ ኮምፒዩተሩ ሮጦ ማውዙን ወዲህ ወዲያ ያደርጋል፤ ፎቶውን ይነካዋል፣ እንደገና ይነካዋል) የት ነው የሚታየው? የት ነው የጻፈው? ምንም የለም እኮ! ፎቶዬ ብቻ ነው ያለው!

መሪጌታ፦ (በከዘራቸው መሬቱን ፈልገው ይነሣሉ) ፎቶህማ ያምራል ይላል፣ መጀመሪያው ላይ።

ፈንታሁን፦ ከዚያስ? የኔታ፣ እባክዎን። ይሄን ሁሉ ሰው ይሰማዋል እኮ! ምን ይላል?

መሪጌታ፦ (በሩን በነፋሱ አግኝተው፣ ደፉ ላይ ቆም ብለው) አይ ልጄ፣ እሱን አልነግርህም። ገጹ ለሁሉም ክፍት ነው አላልክም? ፈልገህ አግኘው።